የቱሪዝም ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ አልጋ በክርክር ሳይሆን በቆጠራ ይረክሳል

«አልጋ አላችሁ?» ብሎ የደወለ ተማሪ «አዎ፣ 20 አለ» ሲባል 20 ሰው የሚተኛበት ቦታ አገኘሁ ብሎ ይመዘግባል። የፔንሲዮኑ ባለቤት ግን የተናገሩት ስለ 20 ክፍል ነው። በአልጋ ቤት ቋንቋ «አልጋ» ማለት ክፍል ነው፤ ውስጡ የሚተኛበት አንድ ይሁን ሁለት ገና አልተነገረም። ክበባችን የጎንደርን ቤተ መንግሥት፣ ጥምቀተ ባሕሩን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን ከማስጎብኘት ዘንድሮ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ የያዘው ጉዳይ ይህ ነው፦ ተማሪ በአውቶቡስ በቡድን ሲጓዝ በትንሽ ገንዘብ የት ያድራል?

የስልክ ጥያቄው በቅደም ተከተል ነው። «እትዬ፣ ስንት ክፍል አለ? በአንዱ ክፍል ውስጥ ያለው አልጋ አንድ ነው ሁለት? ሜትር ከስንት ነው?» ሜትር ከሃያ ለአንድ ሰው ይሰፋል፣ ለሁለት ይጠብባል፤ ሜትር ከሃምሳ ሁለት ቀጫጭን ተማሪ በደንብ ያስተኛል። ችግሩ ሌላ ነው፦ ሁለት ወንድ በአንድ አልጋ አላስተኛም የሚል አልጋ ቤት ብዙ ነው፣ የሚያስተኛውም ለሁለተኛው ሰው ጭማሪ ይጠይቃል። ይህ ማታ ሻንጣ ከወረደ በኋላ በር ላይ ከተሰማ መከራከር ትርፉ ድካም ነው። ስለዚህ «አንዱ መሬት ላይ ፍራሽ ቢነጠፍለት የፍራሹ ስንት ነው?» የሚለውም እዚያው ስልክ ላይ ይጠየቃል።

ቀጥሎ ሂሳቡ ይመጣል፤ የዓመቱ ዋና ሥራም እሱ ነበር። 40 ተማሪ ሁለት ሁለት ሆኖ ሲተኛ 20 ክፍል የሚበቃ ይመስላል። ሴቶቹ 23፣ ወንዶቹ 17 ከሆኑ ግን 12 እና 9፣ ድምሩ 21 ክፍል ነው፤ በሁለቱም ወገን አንድ አንድ ቦታ ባዶ ያድራል፣ ይከፈልበታልም። ሦስት ሦስት የሚያስተኛ ክፍል ቢገኝም ያው ነው፦ 8 እና 6፣ ድምሩ 14፣ ሁለት ባዶ ቦታ። መፍትሔው ምዝገባው ላይ ነው። ሴት 24፣ ወንድ 18 ሲሞላ መዝገቡ ይዘጋል። ሁለቱም ቁጥር ለ2ም ለ3ም ስለሚካፈል አልጋ ቤቱ የትኛውን ክፍል ቢሰጥ ባዶ ቦታ አይተርፍም። የክፍሉ ብዛት እንደሆነ አልጨመረም፤ ያው 21 ወይም ያው 14 ነው። ወጪውን ግን በ40 ፈንታ 42 ሰው ይካፈለዋል። ባለ አልጋ ቤቱን አንድ ብር ቀንሱ ሳይባል የነፍስ ወከፉ ዋጋ ወረደ ማለት ነው። የሚቀር ተማሪ ስለማይጠፋ ተጠባባቂ ይመዘገባል፤ ሴት በቀረች ሴት፣ ወንድ በቀረ ወንድ ይተካል። «የቀረው ወንድ ነው፣ እኔም ልሂድ» የምትል ተማሪ ሁልጊዜ አለች፤ መልሱ የሚያሳዝን ቢሆንም አይሆንም ነው።

መምህራን ከተማሪ ጋር በአንድ ክፍል አያድሩም፤ ከኮሪደሩ ጫፍና ከደረጃው አጠገብ ያለው ክፍል የነሱ ነው። ከሁሉም ቀድሞ የሚጻፈው ግን የሹፌሩ አልጋ ነው። ረዳቱ ዕቃ ለመጠበቅ አውቶቡስ ውስጥ ማደሩ የተለመደ ነው፤ ሹፌሩን እዚያው አስተኝቶ በማግስቱ ዳገት ቁልቁለቱን ንዳ ማለት ግን ቁጠባ አይባልም።

ርካሽ ማደሪያ ዋጋውን የሚያስመልሰው በሽንት ቤት ነው። አንድ ሰው ጠዋት በአማካይ 4 ደቂቃ ይቆያል እንበል። 42 ተማሪ 168 ደቂቃ ይፈጃል። የጋራ ሽንት ቤቱ 2 ከሆነ 84 ደቂቃ፣ 4 ከሆነ 42 ደቂቃ ነው። አውቶቡሱ 12 ሰዓት እንዲነሳ ከተፈለገ ባለ ሁለቱ ቤት ያደረ ቡድን 10 ሰዓት ተኩል ላይ ሰልፍ መጀመር አለበት። ይህ ሳይታሰብ ሲቀር መነሻው ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይገፋል፣ የቀኑ ጉብኝት ይቆረሳል፣ ምሽት ላይም በጨለማ ይገባል። ክበቡ ለአንድ ሽንት ቤት ከ12 ሰው በላይ የሚደርስበትን ቤት ዋጋው ምንም ቢረክስ ከመዝገብ አውጥቷል።

ውሃውም እንደዚሁ ይቆጠራል። «ውሃ አለ?» የሚለው ጥያቄ ከንቱ ነው፤ ሁሉም አለ ይላል። የሚጠየቀው «ሮቶው ስንት ሊትር ነው? መብራት ሲጠፋ ውሃው ይወጣል?» ነው። ፓምፑ በመብራት የሚሠራ ከሆነ መብራት በጠፋ ሰዓት ያለው ውሃ ሮቶው ውስጥ የተጠራቀመው ብቻ ነው። አንድ ሰው ለሽንት ቤትና ለመታጠቢያ 20 ሊትር ቢያጠፋ፣ ከመምህራኑ፣ ከሹፌሩና ከረዳቱ ጋር 48 ሰው 960 ሊትር ይጨርሳል፤ የ1,000 ሊትር ሮቶ በማግስቱ ጠዋት ጭል ይላል ማለት ነው። ስለዚህ ሻወር በየተራ በምሽት ይሆናል፣ ለጠዋት በየሽንት ቤቱ በር አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሞልቶ ይቀመጣል።

ክፍል የሚፈተሸው ሻንጣ ሳይገባ፣ ከተቻለም ሳይመሽ ነው። ሁለት ተማሪዎች በስልክ መብራት ይገባሉ። አንሶላው ከራስጌው ጥግ ይገለጣል፤ የፍራሹ ስፌት በጣት ተለጥጦ ይታያል። እንደ በርበሬ ፍሬ ቡናማና ጠፍጣፋ ነገር ከተገኘ ትኋን ነው። ራሱ ባይታይ እንኳ ስፌቱ ዳር በእስክሪብቶ እንደተነካካ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል፤ ነጠብጣቡ በእርጥብ ሶፍት ሲታሽ ወደ ቀይ ቡናማ ይደበዝዛል። ከዚያ የአልጋው እንጨት መጋጠሚያና ብሎን ይታያል፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ ሥዕል ካለም ጀርባው። ትኋን አይዘልም፤ የሚዘለው ቁንጫ ነው። ቁንጫ ያለበት ቤት ነጭ ካልሲ አድርጎ ምንጣፉ ላይ ጥቂት በመቆም ይለያል፣ ካልሲው ላይ ይወጣል። ሁለቱን መለየት የሚጠቅመው መፍትሔያቸው ስለሚለያይ ነው። ቁንጫ ላለበት ክፍል ምንጣፉን ማውጣትና ወለሉን መጥረግ ለአንድ ሌሊት ያግዛል። ትኋን ላለበት ክፍል ግን ሌላ ክፍል መቀየር ብቻ ነው የሚያዋጣው፣ ምክንያቱም በሻንጣ ስፌት ገብቶ ጎንደር ድረስ ይሸኛል። በየትኛውም ቤት ሻንጣ አልጋ ላይ አይቀመጥም።

ከመናኸሪያ አጠገብ ያሉ አልጋ ቤቶች ርካሽ የሆኑበትን ምክንያት ማወቅ ይገባል። አንዳንዱ ሥሩ ግሮሰሪ አለው፣ ቅዳሜ ማታ ሙዚቃው እስከ እኩለ ሌሊት አያስተኛም። አንዳንዱ ቀን ቀን ለሌላ ጉዳይ የሚከራይ ነው፤ ለተማሪ አይሆንም፣ ከዚህ በላይ ማብራራት አያስፈልግም። ወደ ውስጥ ገባ ያለው ፔንሲዮን ጸጥታ አለው፤ ነገር ግን ኮብልስቶኑ መንገድ ረጅም አውቶቡስ ያዞር እንደሆነ ሹፌሩ ራሱ ባለቤቱን በስልክ ማናገር አለበት። ተማሪ «ይገባል» ብሎት ኋላ ማርሽ የወጣ ሹፌር በተማሪ ቃል ዳግም አያምንም።

የማደሪያው ዓይነት በከፍታው ይወሰናል። ጎንደር በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ 100 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ደባርቅ ከ2,800 ሜትር በላይ፣ የሰንቃበር ካምፕ ደግሞ 3,250 ሜትር አካባቢ። በየ1,000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል ስለሚቀዘቅዝ ደባርቅ ላይ ከጎንደር በ4 እና 5 ዲግሪ የሚበልጥ ብርድ ይጠበቃል። ከኅዳር እስከ ጥር ሰንቃበር ላይ ሌሊት ውርጭ አለ። ለአንድ ሰው ሁለት ብርድ ልብስና የራሱ ጋቢ ያስፈልጋል፤ አልጋ ቤቱ በሰው አንድ ብርድ ልብስ ብቻ ካለው ቀድሞ ይታወቅ። እዚህ ላይ ክበቡ ያለ ድርድር የያዘው ደንብ አለ፦ በሚተኛበት ክፍል የከሰል ምድጃ አይገባም። ከሰሉ ፍም ሆኖ ጭስ ባይታይበትም የሚያወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፣ በር ተዘግቶ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይሞታል። «ትንሽ ሞቅ እስኪል ነው» የሚባለው ሁሉ እንቅልፍ እስኪወስድ ድረስ ነው። ሰንቃበር በድንኳን ማደር ለፈለገ ቡድን የፓርኩ መግቢያ ክፍያም ስካውትም (የፓርኩ አጃቢ ጠባቂ) የሚጨረሰው ደባርቅ ካለው ጽሕፈት ቤት ስለሆነ፣ ከሰዓት በኋላ አርፍዶ የደረሰ አውቶቡስ በግዴታ ደባርቅ ያድራል። የዚያ ቀን አልጋም በስልክ ተይዞ ይሂድ።

ባሕር ዳር ተቃራኒው ነው። ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ያህል ወርዶ ሐይቁ ዳር 1,800 ሜትር ላይ ሲደረስ ብርድ ልብሱ ይረሳል፣ ጥያቄው አጎበር ይሆናል። በተለይ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ ጢስ ዓባይ ሞልቶ የሚያምርበት ወቅት፣ የወባ ትንኝ የሚበዛበትም ነው። አጎበሩ ቀዳዳ እንዳለው ወደ መብራት ተዘርግቶ ይታያል፣ ጫፉም ከፍራሹ ሥር ይወተፋል።

ከሁሉ የሚረክሰው መማሪያ ክፍል ውስጥ ማደር ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጀርመናዊው መምህር ሪቻርድ ሺርማን በ1909 እ.ኤ.አ. ተማሪዎቹን ይዞ በእግር ሲጓዝ ከባድ ዝናብ ደርሶበት በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ጭድ ላይ ካደሩ በኋላ ነው፣ ትምህርት ቤቶች በዕረፍት ጊዜ የወጣት ተጓዦች ማደሪያ ይሁኑ ያለው፤ በ1912 እ.ኤ.አ. ደግሞ የመጀመሪያው ቋሚ የወጣቶች ማደሪያ በአልቴና ግንብ ውስጥ ተከፈተ። (ግንብ ስላለን እኛም ፋሲል ግቢ እንተኛ ያለ የክበብ አባል ነበር፤ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ መሆኑ ተነግሮት ተረጋግቷል።)

በእኛ አገር የሚሠራው እንዲህ ነው። 7 ሜትር በ8 ሜትር የሆነ ክፍል ዴስኩ ወጥቶ ሲጠረግ፣ በ8 ሜትሩ ግድግዳ 90 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ፍራሽ 8 ይሰለፋል። በሁለቱ ትይዩ ግድግዳዎች 16 ይሆናል። ፍራሹ 1.90 ሜትር ስለሚረዝም መሐል ላይ 3.20 ሜትር ይቀራል፤ ሦስተኛ ረድፍ የሚገባ ይመስላል፣ ቢገባ ግን ከግራና ከቀኝ የሚቀረው 65 ሳንቲሜትር ብቻ ነው፣ ሌሊት የሚወጣ ሰው ሌላውን ይረግጣል። በሩ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ አንድ ፍራሽ ይነሳል፣ 15 ይቀራል። ለ24 ሴቶች 2፣ ለ18 ወንዶች 2፣ በድምሩ 4 ክፍል ይበቃል። ፍራሹን ከጎንደር ጭኖ መሄድ አይታሰብም፦ ውፍረቱ 10 ሳንቲሜትር ቢሆን 42ቱ ከ7 ሜትር ኩብ በላይ ነው፣ አውቶቡስ ሆድ አይገባም። እዚያው ተከራይቶ፣ ሲሚንቶው እንዳይበርድ ከሥሩ ላስቲክ ይነጠፋል። ከአስተናጋጁ ትምህርት ቤት ጋር ዘበኛው፣ ቀበሌው፣ የሽንት ቤቱ ቁልፍ የማን እጅ እንዳለ ቀድሞ ይነገራል። ቁልፉ ጠዋት 2 ሰዓት በሚገባ ሠራተኛ ኪስ ከሆነ ሌሊቱ ረጅም ነው።

ወደ ጎንደር የሚመጡ የሌላ ከተማ ተማሪዎችን በተመለከተ ክበቡ የመለሰው ጥያቄ ሁሉ ስለ ጥምቀት ነበር። ጥር 10 ከተራ፣ ጥር 11 ጥምቀት ነው፤ በነዚያ ሌሊቶች ከተማው ሞልቶ ያድራል፣ ዋጋውም እንደዚያው። ሁለት ቀን ዘግይቶ ጥር 13 የሚመጣ ቡድን በሌላ ገንዘብ ሌላ ከተማ ያገኛል። ጥር ደግሞ የሠርግ ወር ነው፤ ቀብድ ተቀብሎም ክፍሉን ለሠርገኛ የሚሰጥ አይጠፋም። በኢንተርኔት የሚይዝ ሰው ቀኑንም ሰዓቱንም ይገልብጥ፦ ጥር 11 አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ሲሆን ጳጉሜን 6 በነበረች ማግስት ባለው ዓመት ጃንዋሪ 20 ይውላል። 14 ሰዓት መግቢያ ማለት በኛ 8 ሰዓት ነው።

ስለ ክፍያ አጭሩ፦ ቫት 15 በመቶ በዋጋው ውስጥ መሆኑ ይጠየቅ፣ ቀብዱ በቴሌብር ይላክ፣ መልእክቱ አይሰረዝ፣ ደረሰኝ በትምህርት ቤቱ ስም ይቆረጥ። አልጋ ቤት መታወቂያ ስለሚመዘግብ ማህተም ያለው ደብዳቤና የስም ዝርዝር በ3 ኮፒ ይያዝ። መንገዱ ሰላም መሆኑን ሹፌሩ ከመነሻው ዋዜማ ምሽት ያጣራል፤ ካልሆነ ቀብዱ ለሌላ ቀን እንዲሸጋገር ውሉ ላይ ተጽፎ ይገኛል።

ለከርሞው ክበብ የሚተላለፈው ንብረት፦ ባለ 5 ሜትር መለኪያ 2፣ የእጅ ባትሪ 4፣ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ 3፣ ጀሪካን 6፣ እና የማደሪያ መዝገቡ። በመዝገቡ የደባርቅና የባሕር ዳር ገጾች ሞልተዋል፣ የጎርጎራው ግን ስሙ ብቻ ተጽፎ ባዶ ነው። ከጀሪካኖቹ አንዱ ክዳን የለውም።