እስረኛው ኮርኒስ ውስጥ ሲሄድ ተሰምቶ ነበር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጎንደር ፒያሳ ቡና ላይ የአሜሪካዊው ነፍሰ ገዳይ የቴድ በንዲ ማምለጥ በተነሣ ቁጥር «ምን ዓይነት ጭንቅላት ነው!» የሚል አይጠፋም። የእስረኛ ጥበቃን ሥራ ለምናውቅ ይህ አድናቆት ያሳዝነናል። ሰውየውን ያስወጣው የጠባቂዎቹ ቸልታ ነው።

መጀመሪያ ያመለጠው እ.ኤ.አ. ሰኔ 7 ቀን 1977 በኮሎራዶ ግዛት ከአስፐን ከተማ ፍርድ ቤት ነው። ጠበቃ ሳይዝ ራሱ ስለሚከራከር ካቴናውና እግር ብረቱ እንዲፈታለት ተፈቀደ። በእረፍት ሰዓት ወደ ሕግ ቤተ መጻሕፍቱ ገብቶ ከመደርደሪያ ጀርባ ተከለለና ከፎቁ መስኮት ዘለለ። ቁርጭምጭሚቱ ተጎዳ፤ በስድስት ቀን ተያዘ።

ሁለተኛው ይብሳል። በግሌንውድ ስፕሪንግስ እስር ቤት የብረት መጋዝ ምላጭ እጁ ገባ። በክፍሉ ኮርኒስ፣ በብረቶቹ መካከል፣ ጎንና ጎኑ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ ቀዳዳ ቆረጠ። በዚያ ለመሹለክ 16 ኪሎ ግራም ያህል ከሰውነቱ ቀነሰ። እስረኛ ይህን ያህል ሲከሳ ብቻውን ምልክት ነበር፤ ወይ ታሟል ወይ አስቦበታል። ሌሊት ሌሊት ኮርኒስ ውስጥ እየተሳበ ሲለማመድ ሌሎች እስረኞች ኮሽታውን ሰምተው ተናግረዋል። መሰላል አቁሞ ያየ ግን የለም።

እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 30 ቀን 1977 ማታ መጻሕፍትና ወረቀት ብርድ ልብስ ሥር ከምሮ የተኛ ሰው አስመሰለ። በኮርኒሱ ተሳቦ ወደ ዋናው ጠባቂ መኖሪያ ወረደ፤ ባልና ሚስቱ ውጭ አምሽተዋል። ልብስ ቀይሮ በፊት ለፊት በር ወጣ። መጥፋቱ የታወቀው በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ነው። ከ17 ሰዓት በላይ አልፏል፤ እሱ ቺካጎ ደርሷል። የካቲት 15 ቀን 1978 ፔንሳኮላ ላይ እስኪያዝ ድረስ ፍሎሪዳ ውስጥ ሁለት ተማሪዎችንና አንዲት የ12 ዓመት ልጅ ገደለ። ያ ብርድ ልብስ በሰዓቱ ቢገለጥ ኖሮ!

ስለዚህ የእስረኛ ቆጠራ ማለት አልጋ መቁጠር አይደለም። ሌሊት ቆጣሪው ቆዳ ማየት፣ ደረት ሲነሣና ሲወርድ መጠበቅ አለበት፤ ካልታየው ያስነሣል። ቀን ቢያንስ አንዴ እስረኛው ቆሞ ስሙ ከፎቶው ጋር ይመሳከር። ወጪና ገቢ ተረኛ አብረው ይቁጠሩ፤ ቁጥሩ ሳይገጥም ርክክብ አይፈረም። የመስኮት ብረት በእንጨት መዶሻ ይመታ፦ ጤነኛው ይጮኻል፣ የተቆረጠው ድምፁ ይታፈናል። ቁርጡ በሳሙናና በቀለም ሊሸፈን ስለሚችል በጣትም ይዳሰስ።

እኛ አገር የሚያሰጋን ኮርኒስ ነው። በብዙ ቤት ግድግዳው ኮርኒሱ ላይ ያበቃል፤ ከላይ እስከ ቆርቆሮው ድረስ ያለው ክፍተት ሁሉንም ክፍል ያገናኛል። ቺፕውድ ለመቅደድ ደግሞ መጋዝ እንኳ አያስፈልግም። እስረኛ የሚያድርበት ክፍል ግድግዳው እስከ ጣሪያው ይገንባ። የኮሽታ ጥቆማም በዕለት ሁኔታ መዝገብ ይስፈር፤ ማን በስንት ሰዓት ወጥቶ እንዳየ ከሥሩ ይፈረምበት።

ይህ የሩቅ አገር የድሮ ወሬ እንዳይመስል፦ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 20 ቀን 2024 ናይሮቢ ውስጥ በተከታታይ ግድያ የተጠረጠረ ሰው ከሌሎች 12 ጋር ከፖሊስ ጣቢያ ያመለጠው የሽቦ መረብ ተቆርጦ ነው። የታወቀው ጠዋት ቁርስ ሲቀርብ ነበር።

በእስረኛ ጥበቃ ሙያ ላይ ያለን አንባቢዎቻችሁ
ከጎንደር