የኤለሮን ዘንግ ኩሽኔታዎችን በእጃችሁ ፈትሹ

ውድ አባላት፣

ሰሞኑን አንዲት ሴስና 172 አውሮፕላን ስፈትሽ የኤለሮኑን፣ ማለትም ከክንፉ በስተኋላ ሆኖ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያጋድለውን ክፍል፣ የሚያንቀሳቅሰውን ዘንግ ይዤ ነቀነቅሁት፤ ጫፉ ላይ ያለው ኩሽኔታ ቤቱ ውስጥ ቀጭ ቀጭ አለ። ላዩ ግን ንጹህ ነበር። ስለዚህ በዓይን አይታችሁ ብቻ አትለፉ፤ መሪውን አንድ ሰው አጥብቆ ይያዝላችሁና በእጃችሁ ሞክሩት። የሻከረ፣ የዛገ ወይም ሲንቀሳቀስ እየያዘ የሚቆም ከሆነ ይቀየር፤ ዘይት እየጨመሩ ማሰንበት አይሆንም። ሽፍን ኩሽኔታ በቤንዚን አይታጠብ፤ የውስጡን ግራሶ ይዞት ይወጣል።

ዘንጉ የመፈተሻ ቀዳዳ ካለው ቀጭን ሽቦ አስገቡበት፤ ሽቦው ካለፈ የኩሽኔታው ብሎን ጥርስ ዘንጉ ውስጥ በበቂ አልገባም ማለት ነው። ኩሽኔታው ቢፈለቀቅ ዘንጉን ከመውለቅ የሚያግደው ሰፊው ሮንዴላስ? የአውሮፕላኑ የጥገና መመሪያ የሚያዝ ከሆነ በቦታው መኖሩን እዩልኝ፤ እኔ መጀመሪያ የምፈልገው እሱን ነው። የተፈታ ኮተር ፒን (ዳዶው እንዳይፈታ የሚቆልፈው ሽቦ) ደግሞ ተመልሶ አይገባም፣ አዲስ ይደረግ።