12ቱን ቴንስ ከማስሸምደድ በፊት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ክረምት በገባ ቁጥር በሐዋሳ የማጠናከሪያ ትምህርት የሚሰጥባቸው ቤቶች በተማሪ ይሞላሉ። የእንግሊዝኛው ክፍለ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው ሰሌዳ ላይ በሚሰመር ሠንጠረዥ ነው፤ 12 ሳጥን፣ 12 ቴንስ (የግስ ጊዜ)፣ ከየሥሩ ፎርሙላ። ተማሪው ይሸመድደዋል። የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ስለሆነ የጊዜ ቃሏን አይቶ ማክበብም አያቅተውም። ተናገር ሲባል ግን "ሂ ዲድ ኖት ዌንት" ይላል። ይህ የስንፍና ጉዳይ አይደለም፤ ሠንጠረዡ እንግሊዝኛ ከአማርኛ የሚለይበትን ቦታ አያሳየውም።

"አልሄደም" ስንል "አል" እና "ም" ግሱን ከፊትና ከኋላ ይይዙታል፤ "ሄደ" ግን ያለፈ ጊዜ መልኩን እንደያዘ ይቆያል። በእንግሊዝኛ ያለፈውን ጊዜ "ዲድ" ስለሚወስደው ግሱ ወደ መነሻው "ጎ" ይመለሳል። የ"ኤስ"ም ነገር እንዲሁ ነው። "ሺ ሴልዝ ፊሽ" ይባላል፤ ጥያቄ ሲሆን "ኤስ" ወደ "ደዝ" ትሄድና "ደዝ ሺ ሴል ፊሽ?" ይሆናል። ስለዚህ አንድ ግስ ሲጠና በአዎንታ፣ በአሉታና በጥያቄ ሦስቱን ዓረፍተ ነገር አንድ ላይ ማጻፍ ይሻላል።

ትልቁ ወጥመድ በ"ሃቭ" ወይም በ"ሃዝ" የሚሠራው ፕረዘንት ፐርፌክት ነው። መምህሩ "በልቷል ማለት ሃዝ ኢተን ነው" ይላል፤ ለዚህ ግስ ልክ ነው። በዚያው ሒሳብ ግን "ቆሟል" "ሃዝ ስቱድ"፣ "ለብሳለች" ደግሞ "ሃዝ ዎርን" ሆነው ይወጣሉ። የምንናገረው አሁን ስለሚታይ ሁኔታ ከሆነ እንግሊዝኛው "ሂ ኢዝ ስታንዲንግ"፣ "ሺ ኢዝ ዌሪንግ" ነው። "ደክሞኛል" እና "ርቦኛል" ደግሞ "አይ ኤም ታይርድ"፣ "አይ ኤም ሀንግሪ" ናቸው። በሌላ በኩል "ትናንት አይቼዋለሁ" አማርኛው ምንም አይጎረብጥም፤ እንግሊዝኛው ግን "የስተርዴይ"፣ "ላስት ዊክ"፣ "ኢን 2015" ከመሰሉ ያለቀ ጊዜ ከሚጠሩ ቃላት ጋር ፐርፌክትን አያስቀምጥም፤ "አይ ሶው ሂም የስተርዴይ" ይላል። "ሲንስ" መነሻውን፣ "ፎር" ርዝመቱን ይይዛል፦ "ሲንስ 2015"፣ "ፎር ቱ ይርስ"። "አይ ኤም ሊቪንግ ሂር ሲንስ ቱ ይርስ" ሁለት ስህተት በአንድ ላይ ነው፤ የሚባለው "አይ ሃቭ ሊቭድ ሂር ፎር ቱ ይርስ" ነው።

ትርጉም እስከመለወጥ የሚደርስም አለ። "እመጣለሁ አለ" ቃል በቃል "ሂ ሰይድ አይ ዊል ካም" ቢባል፣ ሰሚው የሚመጣው ተናጋሪው ራሱ ይመስለዋል። "ሂ ሰይድ ሂ ዉድ ካም" መሆን አለበት። አማርኛ የሚያግዘን ቦታም አለ፦ "ስትመጣ እነግርሃለሁ" ውስጥ "ስትመጣ" የወደፊት ምልክት የለውም፤ እንግሊዝኛውም "ዌን ዩ ካም፣ አይ ዊል ቴል ዩ" ነው። እዚህ ላይ "ዌን ዩ ዊል ካም" የሚለው ሠንጠረዡን አጥብቆ የሸመደደው ልጅ ነው።

ያለፈ ጊዜን የሚያመለክተውን የ"ኢድ" መጨረሻ አጠራር በቃል ማለማመድ ይበቃል፦ "ወርክት"፣ "ፕሌይድ"፣ "ዋንቲድ"። መጨረሻው የሚለያየው ከፊቱ ባለው ድምፅ ነው፤ "ወርክ-ኢድ" ብሎ የሚያነብ ብዙ ነው።

እስካሁን ያልነው አፉን በአማርኛ ስለፈታ ተማሪ ነው፤ ቤቱ ሲዳሙ አፎ የሚናገረው ልጅ የሚሳሳትበት ቦታ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ለብቻው መታየት አለበት።

ቅደም ተከተሉን በተመለከተ፣ ሲምፕል ፕረዘንት፣ ፕረዘንት ኮንቲኒዩየስና ሲምፕል ፓስት ሳይጸኑ ወደ ፐርፌክት ባይታለፍ ጥሩ ነው። በእንግሊዝኛ እጅግ የሚዘወተሩት 10 ግሶች፣ "ቢ"፣ "ሃቭ"፣ "ዱ"፣ "ሴይ"፣ "ጌት"፣ "ሜክ"፣ "ጎ"፣ "ኖው"፣ "ቴክ"፣ "ሲ"፣ ሁሉም ኢሬጉላር፣ ማለትም ያለፈ ጊዜያቸውን በ"ኢድ" የማይሠሩ፣ ስለሆኑ የግስ ዝርዝሩ በፊደል ተራ ሳይሆን ከእነዚህ ይጀመር። "ዊል ሃቭ ቢን ዎርኪንግ" የዓመቱ መጨረሻ ላይ ቢደርስ የሚጎዳ የለም።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህራን፣ ከሐዋሳ