እሑድ የጎፍ ደን፦ ሲካዳን በድምፁ ለመለየት

ሰላም ለሁላችሁ። የፊታችን እሑድ የጎፍ ደን የምንወጣው ዛፍ ላይ ሆኖ በጩኸቱ ጆሮ የሚበሳውን፣ ሲካዳ የሚባለውን ነፍሳት ለመለየት ነው። ከጠዋቱ 3 ሰዓት ኮምቦልቻ መናኸሪያ በር ላይ እንገናኝ። ጩኸቱ የሚደምቀው ፀሐይ ስትበረታ ስለሆነ እስከ 8 ሰዓት እንቆያለን፤ ምሳና ውኃ ያዙ።

ከፌንጣ እንዳታምታቱት። ፌንጣ እግሩን ወይም ክንፉን እያፋተገ ነው የሚጮኸው፤ ወንዱ ሲካዳ ግን ሆዱ መነሻ ላይ በግራና ቀኝ ጎኑ ያሉትን እንደ ከበሮ ቆዳ ያሉ ስስ ሽፋኖች ያርገበግባል። የሆዱ ውስጥ በአብዛኛው አየር ስለሆነ ድምፁን ያጎላዋል።

ግንዶቹንም ከሥር ጀምራችሁ እዩልኝ። ባለፈው ወይራ ላይ ያገኘሁት የሲካዳ ቅርፊት ጀርባው ተሰንጥቆ፣ ጥፍሮቹ እንጨቱን እንደጨበጡ ነበር። ዓመታት መሬት ውስጥ የሥር ፈሳሽ እየመጠጠ ያደገው ዕጭ አውልቆት የሄደ ነው።

ድምፅ ስትቀዱ ሰዓቱንና የዛፉን ስም ተናገሩበት። አትግደሉት፤ ፎቶ ይበቃል። መኪና እንድይዝ የምትመጡ እስከ ዓርብ ማታ አሳውቁኝ።