የቬተራኖችን ካሳ የሚቀራመቱ ድርጅቶች በሕግ ይቀጡ

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

የእህቴ ልጅ በአሜሪካ ጦር አገልግሎ፣ አፍጋኒስታን ዘምቶ የተመለሰ ነው። ወገቡን ያመዋል፤ ጆሮው ቀንም ሌሊትም ይጮኽበታል። ከቪኤ፣ ማለትም ከአሜሪካ የቬተራኖች (የቀድሞ ወታደሮች) ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ የጉዳት ካሳ እንዲጠይቅ ስንወተውተው ከርመን፣ አንድ ቀን «የሚጨርሱልኝ ሰዎች አግኝቻለሁ» አለን። ደውለው ያገኙት እነሱ ነበሩ። ቡና እየጠጣን ረጅሙን የእንግሊዝኛ ውል ስልኩ ላይ ወደ ታች ገፋ ገፋ አድርጎ በጣቱ ፈረመ። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ «እስቲ ረጋ ብለህ አንብበው» አላልኩትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ካሳው ሲፈቀድለት የደወሉለት ሰዎች ድርጅት የአምስት ወር ካሳውን ለራሱ ጠየቀው። ለምርመራ የተመላለሰው እሱ ነው፤ የአገልግሎት ማስረጃውን ያሰባሰበውም እሱ። እነሱ ቅጽ ሞሉለት፣ በቃ። ያንን ቅጽ ብዙ ቦታ የካውንቲ የቬተራኖች ቢሮ፣ እንዲሁም ዲኤቪን፣ ቪኤፍደብሊውንና አሜሪካን ሊጅንን የመሳሰሉ የቬተራን ማኅበራት አምስት ሳንቲም ሳይቀበሉ ይሞላሉ።

ሕጉ ግልጽ ነው። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ለማዘጋጀት ማንም ማስከፈል አይችልም፤ ከቪኤ ዕውቅና ያለው ጠበቃ እንኳ ክፍያ የሚጠይቀው የመጀመሪያው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው። ግን ኮንግረስ እ.ኤ.አ. በ2006 ሕጉን ሲያሻሽል የወንጀል ቅጣቱን አነሳው። ክልከላው ወረቀት ላይ ቀረ፤ ድርጅቶቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ጉዳዩ የሚታየው በተወካዮች ምክር ቤቱና በሴኔቱ የቬተራኖች ጉዳይ ኮሚቴዎች ነው። ሁለት ዓይነት ረቂቅ ቀርቦላቸው ያውቃል። «ጋርድ» የተባለው ቅጣቱ እንዲመለስ ይጠይቃል። «ፕላስ» የተባለው ደግሞ ድርጅቶቹ ዕውቅና አግኝተው፣ ጣሪያ ተበጅቶላቸው እንዲያስከፍሉ ይፈቅዳል። የሁለተኛው ደጋፊዎች ነጻው አገልግሎት ወረፋ ይበዛበታል ይላሉ። ወረፋው እውነት ነው፤ እኛም አይተነዋል። ታዲያ ቢሮዎቹ ሠራተኛ ይጨመርላቸው እንጂ፣ ወገቡ ለተጎዳ ሰው የተቆረጠ ገንዘብ ለምን ለሌላ ይከፈላል?

የእኛን ማኅበረሰብ በቀጥታ ይነካል። እ.ኤ.አ. በ2009 የተጀመረው ማቭኒ የተባለ የሠራዊቱ የምልመላ ፕሮግራም ከሚፈልጋቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነበር፤ ግሪን ካርድ ሳይኖራቸው ሠራዊቱን የተቀላቀሉ ልጆች አሉን። ብዙዎቹ ስለ ሕመማቸው አያወሩም። ወላጆቻቸው ደግሞ ቪኤ ምን እንደሆነ የሚነግራቸው የለም።

ስለዚህ ጋዜጣችሁ በየካውንቲው ያሉትን የቬተራን ቢሮዎች ስልክ በአማርኛ እንድታወጡልን እለምናለሁ። ልጅ ያላችሁ ወላጆችም፣ የሚደውልላችሁን ሰው መጀመሪያ «ከቪኤ ዕውቅና አለህ ወይ?» በሉት፤ ስሙን ቪኤ ድረ ገጽ ላይ ፈልጉት። እኔና የእህቴ ልጅ የፈረመውን ውል ቅጂ አያይዘን ለወረዳችን የኮንግረስ ተወካይ ልከናል፤ ለኮሚቴው እንዲያደርሱልን ጠይቀናል።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ