ለልጄ፦ ስለ አቃቂው ሱቃችን

የኔ ልጅ፣ እንደምን አለሽልኝ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን።

ባለፈው በስልክ ዱቤው ያከስራል፣ ገዢም ተገኝቷል፣ ሱፐርማርኬቱን እንሽጠው ያልሽኝ ነገር ከልቤ አልወጣም። አልተቆጣሁብሽም። በ2016 የችርቻሮ ንግድ ለውጭ ባለሀብት ተከፈተ። ሐምሌ ላይ ደግሞ የብር ምንዛሪ ለገበያው ሲለቀቅ የዘይቱም የዱቄት ወተቱም ዋጋ ተሰቀለ። አንቺ አካውንታንት ነሽ፤ ያልሽው ከስሌት የመጣ ነው። ግን የምታውቂው ሒሳብ ኮምፒውተር ከገባ ወዲህ ያለውን ነው። ከዚያ በፊት የነበረውን ልንገርሽ።

አያትሽ ከእንድብር መጥተው መጀመሪያ የሠሩት በሰው ሱቅ ተቀጥረው ነው። ከአብዮቱ በፊት የዕቁብ ዕጣ ሲደርሳቸው አቃቂ ላይ የራሳቸውን አንድ በር ከፈቱ። አቃቂ የፋብሪካ አገር ናት። ያኔ ባቡሩ ያልፋል፣ የጨርቃ ጨርቁ ሠራተኛ በፈረቃ ይገባል ይወጣል። ሠራተኛው ደመወዝ የሚያገኘው በወር ነው፤ ሻይ ቅጠልና ስኳር ግን በየቀኑ ያስፈልገዋል። ዱቤው የተጀመረው በዚህ ምክንያት ነው።

መዝገቡ ሰማያዊ ሽፋን ያለው ወፍራም ደብተር ነበር። በስም ብቻ አይጻፍም፤ አበበ የሚባለው ብዙ ነዋ! ስለዚህ አያትሽ «አበበ ፈትል»፣ «አበበ ሽመና»፣ «አበበ ጥበቃ» እያሉ በሥራ ክፍሉ ይመዘግቡታል። ከሥሩ ሳሙና 1፣ ክብሪት 2፣ ላምባ ግማሽ ሊትር። የደመወዝ ቀን ሰውየው ሲከፍል፣ እሱ ራሱ እያየ መስመሩ በቀይ እስክሪብቶ ይሰረዛል። ማንበብ የማይችል እንኳ ቀዩን አይቶ ነው የሚሄደው። እኔ ቁጥር የተማርኩት በዚያ ደብተር ነው።

ደርግ በ1967 ትልልቁን ንግድ ወረሰ። ብዙም ሳይቆይ ለግል ነጋዴ የካፒታል ጣሪያ ወጣ፤ ቸርቻሪ ከ200 ሺህ ብር በላይ አይኑርህ ተባለ። እኛ ከጣሪያው አጠገብም አልነበርን። የጎዳን የሸቀጡ መጥፋት ነው። ስኳሩም ሳሙናውም በቀበሌ የኅብረት ሱቅ በኩል በኮታ ሆነ። እኛ ጋ የቀረው በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ሻማ ነው። ነጋዴ ዕቃ ደበቀ ከተባለ ደግሞ «የኢኮኖሚ አሻጥረኛ» ነው። አያትሽ የጨው ጆንያውን ሳይቀር አላፊ አግዳሚው እንዲያየው በር ላይ ያስቀምጡት ነበር። ያን ጊዜ ያተረፈን ሠራተኛው ነው። ከቀበሌ የሚያገኘውን ከቀበሌ ይወስዳል፤ ሻማና ሽንኩርት ግን ሌላ ቦታ ቢያገኝም እኛ ጋ ይመጣል።

ከ1983 በኋላ ዕቃው እየተመለሰ መጣ። ጎን ያለውን ክፍል ጨምረን ተከራየንና እኔና አባትሽ ባንኮኒውን እናንሳው አልን። አያትሽ አልወደዱትም፤ አልከለከሉንም ግን። መደርደሪያ አስገጠምን፣ ቅርጫት ገዛን፣ ደንበኛው ራሱ ያንሳ ብለን ጠበቅን። ማንም አልገባም! እናቶች ድሮ ባንኮኒው የነበረበት ቦታ ላይ ቆመው «ኦሞ አንድ ስጪኝ» ይላሉ። ግቡ ስንላቸው ያፍራሉ። የሰው ዕቃ መነካካት ነውር ነበር። ዕቃ ቢጠፋ በእኔ ይላከካል ብለው የሚፈሩም ነበሩ። በመጨረሻ አንዲት ልጅ ቀጥረን ቅርጫት ይዛ አብራቸው እንድትዞር አደረግን። እየተጨዋወቱ መግባት ለመዱ። አሁን አንቺ «ሱፐርማርኬት» የምትዪው ቤት የተወለደው ያኔ ነው።

ቫት በ1995 መጣ፣ የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽኑም ቆይቶ ተከተለ። የዱቤን ክብደት ያየሁት ያኔ ነው። ዕቃው ሲወጣ ደረሰኝ ይቆረጣል፤ ብሩ ገና ነው፤ 15 በመቶው ግን ጊዜው ሲደርስ ይከፈላል። በ2003 የዋጋ ጣሪያ ሲወጣ ደግሞ ዘይት ከገዛንበት በታች ሸጠናል። ስለዚህ ዱቤ ያከስራል ስትዪኝ አላውቅም ብዬ አልከራከርሽም።

ግን ይህን ቤት የሠራው የአቃቂ ሠራተኛ ነው። ገዢው መደርደሪያውን፣ ፍሪጁን፣ ጀነሬተሩን ይረከባል። የአበበ ፈትል የልጅ ልጅ ግን ዛሬም ለልጇ ዱቄት ወተት ከእኛ ነው የምትወስደው፤ በአያቷ ስም። አዲሱ ባለቤት ማን ናት ይላታል? ይህ ያሳስበኛል። ስለ ብሩ ብቻ ቢሆን ዛሬውኑ እሺ እልሽ ነበር።

ዱቤውን ኮምፒውተር ውስጥ ልታስገቢው ትችያለሽ። ለአንድ ሰው ገደብ ይኑረው ብትዪም እስማማለሁ። ይቅር ካልሽ ግን አልስማማም።

ለሰኔ 30 ቆጠራ ነይ። ገዢው መልስ የሚጠብቀው ከዚያ በኋላ ነው፤ አትቸኩዪ። ደብተሮቹን ከቁም ሳጥን አውጥቼ አቆይልሻለሁ። ከዱቤው ስንቱ እንደተከፈለ፣ ስንቱ እንደቀረ አንቺው ደምሪው። ከዚያ ቁጭ ብለን እንነጋገራለን።

የምትወድሽ እናትሽ