የፋሲካው ፍሪምባ

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እዚህ ቴክሳስ ሙቀቱ ከወዲሁ ጀምሯል፤ ሚኒሶታ ግን በረዶው ገና እንዳልለቀቃችሁ እናትሽ ነግራኛለች።

እሁድ ስትደውዪ ሳቄን መቆጣጠር ስላቃተኝ ይቅርታ አድርጊልኝ። ለፋሲካ ፍሪምባውን በጭስ ከማብሰልሽ በፊት እንደመከርኩሽ የሥጋ ማጠኛውን በርሜል ባዶውን ለኩሰሽ ስትሞክሪ የሙቀት መለኪያው መርፌ 340 ፋራናይት ደርሶ፣ አንዱን የአየር ቀዳዳ ስትዘጊ ሌላውን ስትከፍቺ ግማሽ ቀን ፈጀሁ አልሽኝ። በስልክ ያልኩሽ ሁሉ የተዘበራረቀ ስለነበር አሁን ቁጭ ብዬ ልጻፍልሽ።

አያትሽ ማታ ማታ ምድጃው ላይ የቀረውን ፍም ሰብስባ አመድ አልብሳ ታዳፍነው ነበር። ጠዋት አመዱን ገለጥ ስታደርገው ፍሙ ቀይ ሆኖ ይጠብቃታል። ፍሙ ሌሊቱን የሚያድረው ስለበዛ ሳይሆን አየር ስለተነፈገ ነው። በርሜሉም ሌላ ምስጢር የለውም፤ ከሰል የሚነደው ባገኘው አየር ልክ ነው። አንቺ እሁድ ዕለት እሳቱን አላዳፈንሽውም፣ ስታራግቢው ነው የዋልሽው።

ጥፋቱ የተጀመረው ከሰሉን ሁሉ በአንድ ጊዜ ስታቀጣጥዪ ነው። በርሜሉ ውስጥ ያለውን የከሰል ቅርጫት ባልነደደ ከሰል ሙዪውና መሐሉን ጎድጎድ አድርጊው። 15 ያህል ፍሬ ከሰል ብቻ ለብቻ በጣሳ አቀጣጥለሽ፣ አመድ ሲለብሱ እዚያ ጎድጓዳ ላይ ገልብጪያቸው። እሳቱ ከመሐል ወደ ዳር እየተሳበ ብዙ ሰዓት ይቆይልሻል። የምንፈልገው 250 ነው፤ መርፌው 200 ሲነካ ግን ከታች ያሉትን ሦስት ቀዳዳዎች ሲሶ ያህል ብቻ ክፍት እስኪቀሩ ዝጊያቸው። 250 እስኪሞላ ከጠበቅሽ አልፎሽ ይሄዳል። ወደ ላይ የሚወጣን ሙቀት መያዝ ቀላል ነው፤ ከወጣ በኋላ ማውረድ ግን አበሳ ነው፣ ብረቱም በርሜሉ ውስጥ በምታስቀምጪው ሳህን ላይ ያለው ውሃም የያዙትን ቶሎ አይለቁም። አንድ ቀዳዳ ከነካሽ በኋላ 20 ደቂቃ እጅሽን ሰብስቢ። በሌላ ጊዜ ቢሆን ቡና አፍዪ እልሽ ነበር፤ ቅዳሜ ሹር ስለሆነ ዳዊት ድገሚ።

ክዳኑን እየደጋገምሽ አትክፈቺ። መርፌው ወረድ ሲል የቀዘቀዘ ይመስልሻል እንጂ ከታች ፍሙ አየር እየጠጣ ነው፤ ስትዘጊው ከቅድሙ ብሶ ይነሳል።

የክዳኑን የላይኛ ቀዳዳ ደግሞ በምንም ምክንያት አትዝጊው። ይህን የማውቀው በራሴ ላይ ደርሶ ነው። የመጀመሪያው ዓመት ከሰሉ ላይ የማቀጣጠያ ፈሳሽ አርከፍክፌ ለኮስኩና መርፌው ሲፈናጠር ደንግጬ የላዩንም የታቹንም ደፈንኩት። ጭሱ መውጫ አጥቶ ውስጥ ተንከባለለ። ሥጋው ሲወጣ የጥቀርሻ ጣዕም ነበረው። እንግዶቹ አንድ አንድ ጉርሻ በትሕትና ዋጡና ወደ እናትሽ ዶሮ ወጥ ዞሩ። አንድ ሽማግሌ ብቻ «መድኃኒት ይመስላል፣ ያሽር ይሆናል» አሉኝ። ጭሱ ነጭና ወፍራም ሆኖ ሲትጎለጎል ሥጋ አታስገቢ፤ እስኪሳሳና ሰማያዊ መሰል እስኪሆን ጠብቂ። ለጭሱ የምትጨምሪው የኦክ እንጨትም ቡጢ የሚያካክሉ ሦስት ወይም አራት ቁራጮች ይበቃሉ። አያትሽ የጠላ ጋን በወይራ ስታጥን ጫካ አታስገባበትም ነበር።

ክዳኑ ላይ የተገጠመውን ቴርሞሜትር ነቅለሽ በፈላ ውሃ ፈትኚው፤ 212 አካባቢ ካላሳየ ዋሾ ነው። የእኔ 25 ይሳሳታል።

አሁን ወደ ዋናው ጭንቀት ልምጣ። ሥጋው ውስጥ የምትሰኪው ቴርሞሜትር 155 ወይም 160 ላይ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ይቆማል። ሁለት ሰዓት፣ አንዳንዴም አራት ሰዓት ንቅንቅ አይልም። ያኔ ነው ሰው ሁሉ ተሸንፎ ቀዳዳውን የሚበረግደው። እሳቱ ምንም አልሆነም፤ ሥጋው እያላበው ነው። ላቡ በሚተንበት ጊዜ ከእሳቱ ያገኘውን ሙቀት ይዞበት ይሄዳል። በላክሁልሽ ቡናማ የሥጋ መጠቅለያ ወረቀት ጠቅልዪውና ተዪው። ፍሪምባ ጅማት የበዛበት ነው፤ ጅማቱ ቀስ በቀስ ቀልጦ በደንብ የሚለሰልሰው 200 አካባቢ ሲደርስ ነው። ቀምሰሽ ማረጋገጥ ስለማትችዪ 203 አካባቢ ሲደርስ ሹል ነገር ስኪበት፤ የተቀቀለ ድንች ውስጥ እንደሚገባ ካልገባ ትንሽ ጨምሪለት። እናትሽ ዶሮ ወጡን ሳትቀምስ ጨው የምትመጥነው በመዓዛው ነው፤ የእኛ ደግሞ በጣት ነው።

ፍሪምባሽ 12 ፓውንድ ከሆነ ከጠዋቱ 2 ሰዓት አስገቢው፣ በእኛ አቆጣጠር። ማታ 4 ሰዓት አካባቢ ይደርሳል። ከነወረቀቱ በብርድ ልብስ ጠቅልለሽ በረዶ የሌለበት ባዶ የበረዶ ማቆያ ሳጥን ውስጥ ክተቺውና ቤተ ክርስቲያን ሂጂ፤ ሌሊት ስትመለሺ ትኩስ ሆኖ ይጠብቅሻል።

ከብርዱ ይልቅ ነፋሱን ፍሪ። ነፋስ በታችኞቹ ቀዳዳዎች ገብቶ እንደ ወናፍ ይነፋብሻል፤ በርሜሉን ከለላ ካለው ግድግዳ ጀርባ አቁሚው። ጋራዥ ውስጥ ግን በፍጹም! ከሰል ቤት አስገብተው ተኝተው የቀሩ ሰዎችን ወሬ ከልጅነትሽ ጀምሮ ሰምተሻል። የጠፋ የመሰለሽን አመድም ፈጽሞ መብረዱን ሳታረጋግጪ አታስገቢው።

ቅዳሜ ከማታ 2 ሰዓት በፊት ደውዪልኝ፤ ከዚያ በኋላ ቤተ ክርስቲያን ነን። ቡናማውን ወረቀት በፖስታ ልኬልሻለሁ። እናትሽ መሐሉ ላይ በርበሬ ጠቅልላበታለችና ስትፈቺው ቀስ በዪ።

አባትሽ